የዕጩዎች ቃል በነጋዴ ሚዛን

ሚስተር ኬኔዲና ሚስተር ኒክሰን ስለ ውስጥና ስለ ውጭ ጉዳይ ያቀረቡት ሐሳብ፥ ከዚያም በኋላ የሆነው ነገር

ቡና፥ ቆዳና የቅባት እህል ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ስለ መርከብ ኪራይና ስለ ገበያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ዕቃውን የሚገዛውን አገር ማን እንደሚያስተዳድረውና ያም ሰው ምን እንዳሰበ መጠየቅ ይገባዋል። በተለይም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በየ4 ዓመቱ ፕሬዚዳንት በሚመርጡበት ጊዜ የዕጩዎቹ ንግግር በየአገሩ ይሰማል፤ የገበያውንም ዋጋ እስከ ማናወጥ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ንግግሩን መስማት አንድ ነገር ነው፤ ከንግግሩ ውስጥ ለሥራ የሚረዳውን ለይቶ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1953 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960) በሚስተር ጆን ኬኔዲና በሚስተር ሪቻርድ ኒክሰን መካከል የተደረገው ውድድር ነው። የሁለቱ ቃል ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከቃላቸው በኋላ የሆነውም ሁሉ ታውቋል። ስለዚህ ሒሳቡ እንደ ተዘጋ መዝገብ ገቢና ወጪው ተነጻጽሮ ሊመረመር ይችላል።

የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ሚስተር ኬኔዲ የ43 ዓመት ሰው ሲሆኑ፥ የማሳቹሴትስ ግዛት ተወካይ ሆነው በሴኔት ያገለግሉ ነበር። በዚያም የአፍሪካን ጉዳይ የሚመለከተውን ንኡስ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር። የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ሚስተር ኒክሰን የ47 ዓመት ሰው ሲሆኑ፥ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 8 ዓመት ያህል ምክትል ሆነው የሠሩ ናቸው። እሳቸውም በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. በአፍሪካ ባደረጉት ጉዞ አዲስ አበባን ጎብኝተዋል። ሁለቱ ዕጩዎች 4 ጊዜ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። መስከረም 16 ቀን 1953 ዓ.ም. በሺካጎ የተደረገው የመጀመሪያው ክርክር ስለ አገር ውስጥ ጉዳይ፥ ጥቅምት 11 ቀን በኒው ዮርክ የተደረገው የመጨረሻው ደግሞ ስለ ውጭ ጉዳይ ነበር።

ስለ አገር ውስጥ ጉዳይ በተነጋገሩ ጊዜ ሚስተር ኬኔዲ የአገራቸው የኤኮኖሚ እርምጃ አዝጋሚ ነው ሲሉ ወቀሱ። የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ከጉልበታቸው ግማሹ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን ጠቀሱ፤ ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ ይልቅ ብዙ መሐንዲሶችን እያስተማረች መሆኗንም አመለከቱ። ሚስተር ኒክሰን በበኩላቸው አገሪቱ ቆማለች የሚለውን ወቀሳ አልተቀበሉም። ነገር ግን ልዩነታቸው ስለሚደረስበት ግብ ሳይሆን ወደ ግቡ ስለሚያደርሰው መንገድ መሆኑን ራሳቸው በግልጽ ተናግረዋል።

በእርግጥም ልዩነቱ የመንገድ ነበር። የሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት ከ1 ዶላር ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍ እንዲል ሚስተር ኬኔዲ ሲጠይቁ፥ ሚስተር ኒክሰን ጭማሪው መጠነኛ ካልሆነ ሰዎችን ከሥራ ያስወጣል አሉ። ለሽማግሌዎች ሕክምና የሚሆነው ገንዘብ ሚስተር ኬኔዲ እንዳሉት ከማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የሚገኝ ነበር፤ ሚስተር ኒክሰን ግን ማንም ሳይገደድ በፈቃዱ የሚገባበትን ድርጅት መረጡ። መንግሥት ለመምህራን ደመወዝ ይርዳ በተባለ ጊዜም፥ በ1952 ዓ.ም. በሴኔት ድምፁ 44 ለ44 እኩል ስለ ተከፈለ፥ ሐሳቡን በራሳቸው ድምፅ የጣሉት ሚስተር ኒክሰን ነበሩ። ምክንያታቸውም ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ትምህርቱንም ማዘዝ ይጀምራል የሚል ነበር።

ሚስተር ኒክሰን ለነጋዴ ጆሮ የሚስማማ ሒሳብም አቅርበዋል። የተቃዋሚያቸው ዕቅድ በዓመት ቢያንስ 13.2 ቢሊዮን፥ ቢበዛ 18 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትል፥ የራሳቸው ግን ከ4 እስከ 4.9 ቢሊዮን ብቻ እንደሚጠይቅ ተናገሩ። ሚስተር ኬኔዲም በጀቱ የተመዛዘነ እንዲሆን እንደሚፈልጉ፥ ነገር ግን በችግርና በሥራ መቀዝቀዝ ጊዜ ይህ ሊላላ እንደሚችል መለሱ።

ስለ ውጭ ጉዳይ የተነሣው ክርክር ከዚህ የበረታ ነበር። በቻይና ጠረፍ አጠገብ የሚገኙትና የታይዋን መንግሥት የያዛቸው ኪሞይና ማትሱ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች ለመከላከል የማይመቹ ናቸው ሲሉ ሚስተር ኬኔዲ አስተያየታቸውን ሰጡ። ሚስተር ኒክሰን ግን ለኮሙኒስቶች አንድ ስንዝር መሬት መልቀቅ አይገባም አሉ። ሚስተር ኬኔዲ ደግሞ አሜሪካ በሚሳይል ከሶቪየት ኅብረት ወደ ኋላ ቀርታለች ሲሉ በየስብሰባው አስጠነቀቁ።

ከሁሉ የከረረው የኩባ ጉዳይ ነው። ጥቅምት 9 ቀን የአሜሪካ መንግሥት ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ወደ ኩባ የሚላከውን ዕቃ ሁሉ በከለከለ ጊዜ፥ ሚስተር ኬኔዲ እርምጃው የዘገየና ፍሬ የሌለው መሆኑን ገልጸው፥ የፊደል ካስትሮ ተቃዋሚዎች ሊረዱ ይገባል አሉ። ሚስተር ኒክሰን ይህን ሐሳብ ዓለም አቀፍ ውልን የሚያፈርስ አደገኛ ሐሳብ ነው ሲሉ በቴሌቪዥን ነቀፉት። ይሁን እንጂ መንግሥታቸው በዚያው ጊዜ የካስትሮን ተቃዋሚዎች በምስጢር ያሠለጥን ነበር። ሚስተር ኒክሰንም ነገሩን የሚያውቁና የሚደግፉ ሲሆኑ፥ ምስጢሩን ለመሸፈን ሲሉ ከእምነታቸው ተቃራኒ መናገራቸውን ከምርጫው በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። አንድ ዕጩ በአደባባይ የሚናገረው ሁሉ የልቡ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ክርክሩ ይህን በመሰለበት ሰሞን ገበያው የራሱን ፍርድ ሰጠ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር ማዕከላዊ ባንኮች አንድ አውንስ ወርቅ በ35 ዶላር ለመሸጥ ቃል የገባ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን በለንደን ገበያ የወርቅ ዋጋ ወደ 40 ዶላር ተተኮሰ። ከምክንያቶቹም አንዱ ሚስተር ኬኔዲ ቢመረጡ ወጪ ይበዛል፥ የዶላር ዋጋም ይቀነሳል የሚል ፍርሃት ነበር። ጥቅምት 21 ቀን ሚስተር ኬኔዲ ቢመረጡ የዶላርን ዋጋ እንደማይቀንሱ በይፋ አስታወቁ። ዋጋውም ተመልሶ ወረደ፤ በድንጋጤ በ40 ዶላር የገዛ ሰው ኪሳራውን ታቅፎ ቀረ።

ጥቅምት 29 ቀን ምርጫው ተደረገ። ከ68 ሚሊዮን በሚበልጠው ድምፅ መካከል የሁለቱ ልዩነት 120 ሺህ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ በመራጮች ጉባኤ ቈጠራ ሚስተር ኬኔዲ 303 ለ219 አሸነፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከቃሉ ጋር ማነጻጸር ይገባል። የደመወዙ ሕግ በ1953 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ጸድቆ፥ ክፍያው ከሁለት ዓመት በኋላ በሰዓት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ደረሰ። የሽማግሌዎች ሕክምና ግን በሴኔት ስለ ወደቀ፥ በሕግ የጸናው ፕሬዚዳንቱ ከሞቱ በኋላ በ1957 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን ነው። ቀርቷል የተባለውም የሚሳይል ብልጫ እንደሌለ፥ አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትር ሥራ በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የብዕሩ ነገር ነው። ሚስተር ኬኔዲ በምርጫው ጊዜ መንግሥት በሚረዳቸው ቤቶች በቆዳ ቀለም ምክንያት የሚደረገውን መድልዎ በአንድ የብዕር ጭረት ማስቀረት ይቻላል ብለው ነበር። ለዚህ ምክር ቤትም ሆነ ገንዘብ አያስፈልግም። ነገር ግን የደቡብ ግዛቶችን የምክር ቤት አባሎች ድጋፍ እንዳያጡ ስለ ሠጉ እስከ ኅዳር ወር 1955 ዓ.ም. ሳይፈርሙ ቆዩ። በዚህ መካከል ሰዎች ቃላቸውን ለማስታወስ ብዕር እየገዙ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይልኩላቸው ነበር።

ሚስተር ኒክሰንም ከ8 ዓመት በኋላ ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለቻይና ኮሙኒስቶች አንድ ስንዝር አይለቀቅም ያሉት ሰው በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. ራሳቸው ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተጨባበጡ። ገበያው በ1953 ዓ.ም. የፈራው ሚስተር ኬኔዲን ነበር፤ ነገር ግን ዶላር በወርቅ እንዳይመነዘር ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. የዘጉት ወጪ ቆጣቢው ሚስተር ኒክሰን ናቸው። ከዚያም የዶላር ዋጋ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። የኢትዮጵያ ገንዘብ የወርቅ ልኩን ሳይለቅ ስለ ቆየ፥ በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በ1965 ዓ.ም. ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ወረደ። የ1,000 ዶላር ቡና ሸጦ 2,500 ብር ይቀበል የነበረ ላኪ፥ በዚያው የዶላር ዋጋ ቢሸጥ የሚያገኘው 2,070 ብር ብቻ ሆነ።

በሌላ በኩል በክርክሩ መድረክ ዋና ርእስ ያልነበረው ቡና ከክርክሩ በኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። በኩባ የሆነው ነገር የአሜሪካን መንግሥት ስለ ደቡብ አሜሪካ ድህነት እንዲሠጋ አደረገው፤ የእነዚያ አገሮች ኑሮ ደግሞ በቡና ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነበር። ስለዚህ የኬኔዲ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ በኒው ዮርክ በተደረገው ጉባኤ ላይ ዓለም አቀፉን የቡና ስምምነት ደገፈ። ኢትዮጵያም ከአምራቾቹ አገሮች አንዷ ሆና የሽያጭ ድርሻ ተመደበላት፤ የድርሻው ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ እየተቋረጠ እስከ 1981 ዓ.ም. ቆይቷል። ስለ ኩባ የተጀመረው ጭቅጭቅ መንገዱን ዞሮ እስከ ጅማ ቡና መጋዘን ድረስ ደረሰ ማለት ነው። እንዲሁም ሚስተር ኬኔዲ በምርጫው ዋዜማ ያቀረቡትንና ሚስተር ኒክሰን የነቀፉትን የሰላም ጓድ ሐሳብ ተከትለው፥ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት የዕጩ ቃል ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የዕጩ ቃል ገዢ ሳይስማማበት እንደ ቀረበ የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ባንክ እንዳጸደቀው ሌተር ኦፍ ክሬዲት አይቈጠርም። ስለዚህ ነጋዴ ስለ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛ፥ ነገሩን ለመፈጸም ሥልጣኑ የማን ነው? የምክር ቤት ወይስ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ? ሁለተኛ፥ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛ፥ ቃሉ ቢፈጸም የሚቀየመው ማን ነው? ዕጩውስ የዚያን ሰው ወዳጅነት ይፈልገዋል ወይስ አይፈልገውም?

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ የኢትዮጵያ ልብስ ላኪዎች በቅርብ ዘመን አይተውታል። አጎዋ የተባለው ከቀረጥ ነፃ የሆነ የገበያ ዕድል በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ ያጸናው ቢሆንም፥ የትኛው አገር እንደሚጠቀምበት በየዓመቱ የሚወስኑት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ተጥሷል በሚል ምክንያት፥ በፕሬዚዳንት ባይደን ውሳኔ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዕድሉ ወጣች። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉት ፋብሪካዎችም ይህ ውሳኔ ጎድቷቸዋል። ሕጉን ብቻ አንብቦ የፈራሚውን ሥልጣን ያልመረመረ ሰው ነገሩ ድንገተኛ ሆነበት።

እንግዲህ ወደ ፊት በማናቸውም የአሜሪካ ምርጫ የዕጩዎቹ ሐሳብ በጋዜጣ ሲታተም፥ ነጋዴው ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ከፍሎ ሥልጣኑን፥ ወጪውንና ቅያሜውን ከእያንዳንዱ ቃል አንጻር ቢጽፍ ይጠቅመዋል። ሦስቱም ዓምዶች ከተሟሉ ቃሉን በሥራ ዕቅዱ ውስጥ ያግባው። አንዱ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን የቡናውን ውል በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ አይፈርም፤ ገበያው በድንጋጤ ሲሮጥም አብሮ አይሩጥ።