ጋዙ የት ሄደ?

ሐምሌ ላይ በዝናብ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። አራት ሰው ጭነው፣ መስኮት ዘግተው ሲሄዱ ማንኩሳ ሳይደርሱ የፊት መስታወቱ ይጋረዳል። የዝናብ መጥረጊያው በውጭ በኩል ይለፋል፤ ጉሙ ያለው ግን ከውስጥ ነው። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው በጋቢው ጫፍ ይጠርግልዎታል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይጋረዳል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ የሚታየው ደርሶ ሊያልፍዎት ሲል ነው።

ስለዚህ "እዚህ አገር ኤሲ ምን ይሠራል? መስኮት ከፍቶ መሄድ ነው" ሲባል አልስማማም። እርግጥ ነው፣ ሙቀቱ የሚበረታው ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከደጀን በታች ያለውን በረሃ ሲያቋርጡ ነው። ነገር ግን ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ በውስጡ ያለውን እርጥበትም አብሮ ይጨምቀዋል። በክረምት ኤሲውንና ማሞቂያውን አንድ ላይ ከፍተው ነፋሱን ወደ መስታወቱ ቢያዞሩት ጉሙ ዓይንዎ እያየ ይገፈፋል። እኔ ኤሲን ከፍሬንና ከመብራት ጋር ነው የምቆጥረው።

የእኔ ኮሮላ ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል። ስገዛት ኤሲዋ አይሠራም ነበር። "ጋዙ አልቆ ነው" ተባልኩና አስሞላሁ። ሁለት ወር ያህል ጥሩ ቀዘቀዘች፤ ከዚያ ለብ አለች፤ ከዚያ ጭራሽ ተወች። እንደገና "ጋዙ አልቋል" ተባለ፤ እንደገና ከፈልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ነው "ቆይ፣ ጋዙ የት እየሄደ ነው የሚያልቀው?" ብዬ የጠየቅሁት።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተሞላው ያው ጋዝ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። አሠራሩን ለመረዳት ጎጃም ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አረቄ ሲወጣ ማየት ይበቃል። ድፍድፉ እሳት ላይ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይገባል። እዚያ ሙቀቱን ለውሃው ያስረክብና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ጎረቤታችን እማማ እጃቸውን ውሃው ውስጥ እየነከሩ ይለካሉ፤ ሲሞቅ ደፍተው ይቀይሩታል። "ውሃው ከሞቀ አይወርድም፣ ልጄ" ይላሉ። የኤሲን ግማሽ ነገሩኝ ማለት ነው።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር የእማማ የውሃ ዕቃ ነው፤ በውሃው ፈንታ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያግለዋል፤ ጋዙ ኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ተቃራኒው ነው። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቅና ዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ሌላ ራዲያተር መሰል ዕቃ ውስጥ ይፈላል። ሊፈላ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱን የሚወስደው ከጋቢናው አየር ነው። መርፌ ከመወጋትዎ በፊት ክንድዎ ላይ የተቀባው አልኮል ለምን እንደቀዘቀዘዎት ያስታውሱ፤ ያው ነገር ነው። አር 134 ኤ የሚባለው የመኪና ጋዝ በባሕር ጠለል ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው።

እንግዲህ ዙሩ ዝግ ከሆነ "አለቀ" ማለት "አፈሰሰ" ማለት ነው። የሚያፈስበት ሳይገኝ ጋዝ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ለምን ያፈሳል? በእኛ አካባቢ አንዱ ምክንያት አለመጠቀም ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ የሚወጣበትን ቦታ የሚያሽገው ጎሚኒ የሚለሰልሰው ከጋዙ ጋር በሚዞር ዘይት ነው። አገሩ ቀዝቃዛ ነው ብለን ወራት ሙሉ ሳንከፍተው ስንቀር ጎሚኒው ይደርቃል፤ ጋዙም ቀስ እያለ ይወጣል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለን የምንዘጋው ኤሲ በዚህ መንገድ ይሞታል። ብርድም ቢሆን በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ይክፈቱት።

ራስዎ ሊሠሩት የሚችሉት ምርመራ ብዙ ነው፤ ወጪም የለውም። ሞተሩን አስነስተው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ ኮፈኑን ያንሱ። ኮምፕሬሰሩን የምታዞረዋ ፑሊ ኤሲ ተከፈተም አልተከፈተም ከቺንጊያው ጋር ትዞራለች። የሚታየው መሐሏ ላይ ያለው ሳህን ነው፤ ኤሲው ሲከፈት "ቀጭ" ብሎ መያዝና አብሮ መዞር አለበት። ካልያዘ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጋዙ አንሶ የግፊት መቆጣጠሪያዋ ኮምፕሬሰሩን ከልክላው ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ሽቦ በቀጥታ አገናኝቶ በግድ ያስነሳዋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ፣ ሌላም ሰው እንዲያደርገው አይፍቀዱ። ዘይቱ የሚጓዘው በጋዙ ተሸክሞ ነው፤ ጋዝ በሌለበት የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር ራሱን በደረቁ ይፈጫል፤ ብናኙም ቧንቧውን ሁሉ ይበክላል።

መኪናዋ ስትሄድ እየቀዘቀዘ ገበያ መሐል ስትቆም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ጋዙን ከመጠርጠርዎ በፊት ኮንደንሰሩንና ፋኑን ይዩ። በእኛ መንገድ በጋውን የከረመ ኮንደንሰር በአቧራ፣ በገለባና በበራሪ ነፍሳት ይደፈናል። ሞተሩ ሲበርድ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ያፍስሱበት። በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ግን ስስ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

የእኔን ያገኘሁት በባትሪ መብራትና በጣቴ ነው። ጋዝ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይት ደግሞ አቧራ ይይዛል። ቧንቧዎቹ ሁሉ በቀይ አቧራ ደርቀው ሳለ ኮንደንሰሩ ላይ የሚገጠመው አንደኛው መጋጠሚያ ብቻ ጠቁሯል፤ ስነካው ጣቴ ወዛ። ኦሞ በጥብጬ አረፋውን ቀባሁበትና ጠበቅሁ። ከጎኑ አንዲት አረፋ የአተር ፍሬ እስክታክል አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። በሁለት ዙር ጋዝ ያስከፈለኝ ውስጡ ያለው የተሰነጠቀ ጎሚኒ ነበር። የሚተካው ለኤሲ ጋዝና ዘይት ተብሎ የተሠራው ዓይነት ነው፤ የውሃ ቧንቧ ጎሚኒ አይሆንም።

መጋጠሚያውን ግን ራሴ አልፈታሁትም። ፈሳሹ ዓይን ቢነካ ሊያሳውር፣ እጅን በቅዝቃዜ ሊያቃጥል ይችላል፤ እሳት ካገኘው መርዛማ ጭስ ይሆናል። ወደ አየር ቢለቀቅ ደግሞ አንድ ኪሎው ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ይይዛል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት (በፈረንጆቹ) የተሠሩ መኪኖች የያዙት የቀድሞው አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚበላ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ቀርቷል። የመሙያ አፉ ባለጥርስ ከሆነ የድሮው ነው፤ ተጭኖ የሚገጠም ከሆነ አዲሱ። ሁለቱ አይቀላቀሉም፤ ዘይታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ጋዙን የሚቀበል ማሽንና የቫክዩም ፓምፕ ያለው ባለሙያ ፈልጌ ሄድኩ። ጎሚኒው ሲቀየር እርጥበት መጣጩ ማጣሪያም አብሮ ተቀየረ።

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው በፓምፕ ባዶ ይደረጋል፤ ዓላማው አየሩን ማውጣትና ውስጥ የቀረውን እርጥበት አፍልቶ ማስወጣት ነው። የጌጁ ቁጥር እስከ 30 ይሄዳል። የእኛው 24 አካባቢ ደርሶ ቆመ፤ ባለሙያው ፓምፑ ደክሟል ብሎ ሊያቆመው ነበር። ፓምፑ ግን ጤነኛ ነው። 30 የሚነበበው ባሕር ዳርቻ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቷል፤ ከ24 በላይ የሚወጣ ነገር የለም። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም፣ ባቄላው ድስት ውስጥ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግማሽ ሰዓት ካሠሩት በኋላ ፓምፑ ይዘጋና መርፌው ይጠበቃል። ከተመለሰ አሁንም ቀዳዳ አለ፤ አይሞላም። የእኔው አልተነቃነቀም።

አሞላሉ በሚዛን ነው። ልኩ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል፤ ለትንሽ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 700 ግራም ቢሆን ነው። "ቱቦው እስኪቀዘቅዝ" እየተባለ በእጅ ዳሰሳ መሙላት ከልክ ያልፋል፤ የበዛ ጋዝ ደግሞ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያስጨንቃል። እቃውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው እንዲሞሉልዎ ይጠይቁ፤ የሚያስነውር ነገር የለውም። ይህን ሁሉ የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የ2012ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ መኪና ላይ ከከበደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህችን ኮሮላ የምተካበት ሌላ መኪና በቀላሉ አላገኝም።

ከዓባይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጡ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ካለ ኤሲውን ያጥፉት። የኮንደንሰሩ ሙቀት በቀጥታ ራዲያተሩ ላይ ነው የሚነፍሰው፤ አሮጌ ሞተር ዳገቱንና ኤሲውን አንድ ላይ አይችልም።

አሁን ቆማ ስትሠራ ከሥሯ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከአየሩ የተጨመቀው እርጥበት ነውና አያስደንግጥ፤ ቀለም የለውም፣ አይወዛም። ኤሲው እየቀዘቀዘ ውሃው ጠብ ማለቱን ካቆመና ከፊት ተቀማጩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰ፣ በአቧራ የተደፈነችው የውሃ መውጫዋ ቀጭን ቱቦ ናት። ከመኪናዋ ሥር ገብተው ለስላሳ ሽቦ ቀስ አድርገው ይስደዱባት፤ ፊትዎን ግን ዞር ያድርጉ፣ ያጠራቀመችውን ውሃ በአንድ ጊዜ ነው የምትለቀው።