የተዛነፈ ጎማ በጭነት ኪራይ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን አልፎ ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። የአካባቢው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ወደ መዲናይቱ የሚጓዘው በዚሁ መስመር ነው። ስለዚህ ምርቱን የሚያመላልሰው አይሱዙ ጎማውን ያለ ጊዜው ሲጨርስ፣ ወጪው ዞሮ ዞሮ በኩንታል ኪራይ ላይ መታከሉ አይቀርም።

ጎማን ያለ ጊዜው ከሚጨርሱት ምክንያቶች መካከል እምብዛም ትኩረት የማይሰጠው የጎማዎች አቅጣጫ መዛነፍ ነው። በጋራዥ አላይመንት የሚባለው ሥራ ይህንኑ ማስተካከል ነው። ነገሩን ለመረዳት የፈረስ ጋሪ መመልከት ይበቃል። ጎማው የተዛነፈ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በሜዳ ላይ ሳይቀር ያልበዋል። ፈረሱ ሲደክመው ይቆማል፤ ሞተር ግን ነዳጁን እየጠጣ ይቀጥላል።

አንድ ጎማ በአንድ ሜትር ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከጉዞው አቅጣጫ ቢዛነፍ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ110 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 330 ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል መንገድ ጎማው እየተንከባለለ ሳይሆን አስፋልቱን እየፋቀ ተጉዟል ማለት ነው።

በጊንጪ አካባቢ የሚገኘው ኮትቻ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለው አፈር ላይ የተሠራ መንገድ ሞገድ ማውጣቱና መጎድጎዱ የተለመደ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ከተሠሩት የጠጠር መንገዶች ወጥቶ እስከ አውድማ የሚዘልቅ መኪና ደግሞ ድንጋይ ሳይመታ አይመለስም። አንድ ኃይለኛ ምት የመሪውን ዘንግ ለማጉበጥ ይበቃል።

ጉዳቱ በዓይንና በእጅ ይታወቃል። የፊት ጎማዎች ጫፋቸው ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ከተጠጋጋ የውጭ ጠርዛቸው ቀድሞ ያልቃል፤ ወደ ውጭ ከተከፈተ ደግሞ የውስጡ ጠርዝ ይበላል። መዳፍን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያሻሹት ልሙጥ፣ ሲመልሱት ግን እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ መዛነፉ አያጠራጥርም። ሁለቱም ጠርዞች እኩል ከተበሉ ግን ጥፋቱ የነፋስ ማነስ ነው። መሪው በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚንቀጠቀጥ እንደሆነም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ባላንስ ነው። ብዙ ሾፌሮች ሁለቱን እያቀላቀሉ ላላስፈለገ ሥራ ይከፍላሉ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ነጂነት ከተዛወረች ወዲህ መኪና የሚሄደው በቀኝ በኩል በመሆኑ፣ ለውኃ መውረጃ መሀሉ ከፍ ባለ አስፋልት ላይ ጥቂት ወደ ቀኝ መሳቡም ጉድለት አይደለም።

ከማስተካከያው በፊት የጎማው ነፋስ፣ ኩሽኔታው፣ ባሌስትራውና የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎች መታየት አለባቸው። ያረጀ መገጣጠሚያ ሳይቀየር አላይመንት ማሠራት ገንዘብን መጣል ነው፤ ከጋራዡ በር ሳይርቅ ተመልሶ ይዛነፋልና። አይሱዙን በመሰሉ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪናዎች ዘወትር የሚስተካከለው የጎማዎቹ መጠጋጋት ብቻ ነው። የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል ከአክስሉ ጋር አብሮ የተሠራ በመሆኑ፣ እርሱ ከተበላሸ አክስሉ መመርመር ይኖርበታል።

የኮምፒውተር መሣሪያ በሌለበት ቦታ ኖራና ሜትር ይረዳሉ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ፊት፣ በሞዞው ቁመት ልክ፣ በኖራ ምልክት ተደርጎ ርቀቱ ይለካል። ከዚያም ምልክቶቹ በዚያው ቁመት ወደ ኋላ እስኪመጡ ድረስ መኪናው ወደ ፊት ተገፍቶ ዳግመኛ ይለካል። የሁለቱ ልክ ልዩነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለው ጋር ይመሳከራል።

ይኸው ዘዴ ለትራክተርም ያገለግላል። በሁለት ጎማ የሚነዳ ትራክተር የፊት ጎማዎቹ ርቀት ሲሰፋ ወይም ሲጠብ የመሪው ዘንጎች በግራም በቀኝም በእኩል መጠን መርዘም ወይም ማጠር አለባቸው። አንደኛው ወገን ብቻ ከተነካ ትራክተሩ ትልሙን እየለቀቀ ይወጣል፣ የነጂውም ክንድ ቀኑን ሙሉ መሪውን ሲታገል ይውላል። ስለዚህ ልኩ መወሰድ ያለበት ከእርሻ ወቅት በፊት፣ ትራክተሩ ገና ግቢ ውስጥ ሳለ ነው።