ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ ዐዲሱ

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል። ይህ ምሳሌ በእኔ ላይ ሲፈጸም ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሓፊ ናቸው፤ የ14 ዓመት የአባላት መዝገብም በአሮጌው ኮምፒዩተራችን ውስጥ ይገኝ ነበር። ዐዲስ ላፕቶፕ በተገዛ ጊዜ ፋይሉን የማዛወሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም በፍላሽ ገልብጬ «ጨርሻለሁ» አልሁ። አባቴ ግን መዝገቡን ቢከፍቱት በአማርኛው ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ብቻ ሆኖ አገኙት። አሮጌውን የሚገዛው ሰው ደግሞ በማግሥቱ ሊወስደው ቀጠሮ ነበረው። አባቴ አልተቈጡም፤ «ልጄ፥ ይህ የሰው አደራ ነው» ብቻ አሉኝ። ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ እንደ እኔ እንዳይደነግጡ በማሰብ ከዚህ የተማርሁትን እንደሚከተለው ለማስረዳት እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ፋይልና ፕሮግራም የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፋይል ማለት እኛ ያዘጋጀነው ነገር ነው፤ ይኸውም ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍ፥ የሒሳብ ሠንጠረዥና ይህን የመሰለው ሁሉ ነው። ይህ እንዳለ ቢገለበጥ ይሄዳል። ፕሮግራም ግን ፋይሉን የምንጽፍበትና የምንከፍትበት መሣሪያ ነው፤ አብዛኛውም ሲጫን ክፍሎቹን በኮምፒዩተሩ ውስጥ በልዩ ልዩ ስፍራ ያስቀምጣል። በዴስክቶፕ ላይ የምናያት ትንሽ ሥዕል መንገድ አመልካች ብቻ ናት። እርስዋን ገልብጦ መውሰድ የሱቁን ሰሌዳ ነቅሎ ሱቁን ወሰድሁ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በዐዲሱ ላይ እንደገና መጫን አለበት፤ የተገዛ ከሆነም የፈቃዱ ቁጥር አስቀድሞ ይጻፍ።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር ማናቸውንም ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁ ሰዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያኖሩት ነበር፤ ይህም ልማድ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቈየ። እንዲህ ባለ መሣሪያ የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ በላቲን ይታያል እንጂ አልጠፋም።

የእኛም መዝገብ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። አሮጌውን ኮምፒዩተር እንደገና ከፍቼ ፎንቶቹ ከሚቀመጡበት ፎልደር ፎንቱን ገልብጬ በዐዲሱ ላይ ብጭነው የአባላቱ ስም ሁሉ ተመልሶ ታየ። ከዚያም እኔና እኅቴ በየማታው እየተጋገዝን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍነው።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1ኛ/ የሚዛወሩት ፋይሎች፥ ፕሮግራሞችና ፎንቶች በወረቀት ላይ ይመዝገቡ። በዴስክቶፕ ላይ የተቀመጡትም አይዘንጉ።

2ኛ/ ፋይሉ ይገልበጥ እንጂ ከቦታው ተቈርጦ አይወሰድ፤ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ዋናው በስፍራው ይገኛልና።

3ኛ/ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ፊልም አልገባም ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

4ኛ/ ፍላሹ በዐዲሱ ላይ ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ ይመርመር።

5ኛ/ የፋይሎቹ ብዛትና መጠን በሁለቱም ኮምፒዩተር ላይ ይተያይ፤ ከየዓይነቱም ጥቂቱ ተከፍቶ ይነበብ። እኔ የዘለልሁት ይህን ነበር።

6ኛ/ አሮጌው ኮምፒዩተር ቢያንስ አንድ ወር ሳይሸጥና ሳይደመሰስ ይቈይ።

ገዢውን ሰው አንድ ወር እንዲታገሠን ለመንነው፤ እርሱም እሺ አለ። አባቴም ዛሬ የመዝገቡን ቅጂ በላፕቶፑ፥ በአንድ ፍላሽና በወረቀት ታትሞ በሣጥናቸው ያኖሩታል። ፍላሹን የሚጠብቀው ግን እኔ ነኝ፤ አደራውን ለእኔ ሰጥተውኛልና።