በልስን ስር የሚቀበረው ገመድ

ወላይታ ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ከተማ የክልል መቀመጫ ስትሆን ቢሮ ይፈለጋል፤ ቢሮው ደግሞ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና የጥበቃ ካሜራ ይፈልጋል፤ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ ገመድም እንደዚሁ። ከሁሉም ርካሹ ገመዱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው፤ አናጺውና ቀለም ቀቢው በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ። ኮምፒውተሩ ቢያረጅ ይቀየራል፤ ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊች ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። ከልስኑ ስር የገባው ገመድ ግን ግድግዳው ካልተፈለፈለ አይወጣም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልናስብበት የሚገባው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አማርኛ ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም ትክክለኛ ነው። «ገመደ» ማለት ሁለት ክሮችን እርስ በርስ ጠምዝዞ አንድ አደረገ ማለት ነውና። የወላይታ ገበሬ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ የሚገምደው እንዲጠነክርለት ነው። የኔትወርክ ገመድ ልባሱ ሲላጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተገምደው ይታያሉ፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዳቸው ነጭ ከተቀላቀለበት ጓደኛቸው ጋር። እነዚህ የተገመዱት ግን ለጥንካሬ አይደለም፤ ሁካታን ለማጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥንዱ አንዱ ሽቦ +1 ሲልክ ሌላው በዚያው ቅጽበት −1 ይልካል። በመንገዳቸው ላይ የመብራት መስመር ወይም የወፍጮ ሞተር የ3 ያህል ሁካታ ቢረጭባቸው፣ ሽቦዎቹ ተጠምዝዘው ቦታ እየተለዋወጡ ስለሚሄዱ ሁለቱንም በእኩል ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 2 ሆኖ ይደርሳል። ተቀባዩ መሣሪያ ሁለቱን ያቀናንሳል፤ ውጤቱ 2 ነው፣ ሁካታ ባይኖርም የሚያገኘው ያንኑ 2 ነበር። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ለስልክ መስመር በዚህ ሐሳብ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። የዛሬው ጊጋ ቢት ኔትወርክ የሚሠራው በዚያው ዘዴ ነው። አራቱ ጥንዶችም እርስ በርስ እንዳይረባበሹ አጠማዘዛቸው ይለያያል፤ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ያለ ነው።

በልባሱ ላይ «ካት» ከሚለው ቃል ጋር የሚጻፈው ቁጥር ይህ ሥራ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ የሚነግር ደረጃ ነው። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ተፈትኖ በሴኮንድ 1 ጊጋ ቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፤ 10 ጊጋ ቢትንም እስከ 55 ሜትር ድረስ መሸከም ይችላል። ካት 6ኤ 500 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ያንኑ 10 ጊጋ ቢት ሙሉውን 100 ሜትር ያስኬደዋል። ካት 8 ደግሞ እስከ 40 ጊጋ ቢት የሚሸከም፣ ግን ከ30 ሜትር የማያልፍ፣ ለዳታ ሴንተር የተሠራ ገመድ ነው፤ ለሳሎን ቴሌቪዥን ካት 8 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከቴሌ ወደ ቤት የሚገባው መስመር በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ካት 5ኢ የዚያን 20 እጥፍ ይችላል። በተሠራ ቤት ውስጥ ያለ ደህና ካት 5ኢ መንቀል አያስፈልግም። አዲስ ግድግዳ ለሚለስን ግን ካት 6 እመርጥለታለሁ። የሲቲ ስካን ምስል በሚተላለፍበት ሆስፒታል ጉዳዩ ይለያል። 1 ጊጋ ባይት የሆነ የምርመራ ፋይል በ100 ሜጋ ቢት መስመር ቢያንስ 80 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በ1 ጊጋ ቢት 8 ሴኮንድ፣ በ10 ጊጋ ቢት ከ1 ሴኮንድ በታች። ሐኪሙ የአደጋ ታካሚ ፊት ለፊት ቆሞ ስለሚጠብቅ እዚያ ካት 6ኤ ቅንጦት አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሽቦው ከምን እንደተሠራ ነው። በገበያ ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላዩ በስሱ መዳብ የተለበጠ ገመድ አለ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የካት ደረጃዎቹ ደግሞ የወጡት ለንጹሕ መዳብ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ገመድ ካርቶኑ ላይ ምንም ቢጻፍ ካት 6 አይደለም። በአጭር ርቀት ይሠራል፤ ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሲረዝም ይደክማል፤ ደጋግመው ሲያጥፉት ይሰበራል። የጥበቃ ካሜራ በዚያው ገመድ መብራት ጭምር እንዲያገኝ ሲደረግ ደግሞ ሽቦው ይሞቃል። ዛሬ በኔትወርክ ገመድ እስከ 90 ዋት መላክ ስለተቻለ ሙቀቱ የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ ብዙ ገመዶች በአንድ ቱቦ ታጭቀው ሲሄዱ።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ሽቦ ላጡና ጫፏን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጓት። እስከ ውስጧ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት፤ ብርማ ቀለም ብቅ ካለ ለሻጩ መልሱለት። ካርቶኑንም አንሱት፤ 305 ሜትር የመዳብ ገመድ ክንድን የሚፈትን ክብደት አለው፣ አሉሚኒየሙ ግን ቀለል ይላል።

100 ሜትሯ ድንበር ሕግ ናት፤ 90ው በግድግዳ፣ 10ሩ በሁለቱ ጫፍ ላሉት አጫጭር ገመዶች። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር እንደጀመረው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰፊ ግቢ፣ ከአንዱ ሕንፃ እስከ ሌላው ከዚያ ሊርቅ ይችላል። ርቀቱ 40 ሜትር ቢሆን እንኳ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የመዳብ ገመድ መዘርጋትን አልመክርም። ምክንያቱ መብረቅ ነው። በክረምት ዳሞታ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሮ ሲያጉረመርም፣ መብረቁ ገመዱን ራሱን መምታት አያስፈልገውም፤ አቅራቢያው ቢወድቅ በመዳቡ ውስጥ ድንገተኛ ኃይል ያነሣል፤ በሁለቱ ሕንፃዎች ስር ያለው የመሬት ቮልቴጅ ልዩነትም መሸጋገሪያ የሚያገኘው በዚያ ሽቦ በኩል ነው። ያ ኃይል ስዊቹን አቃጥሎ ወደ ኮምፒውተሮቹ ይዘልቃል። ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በውስጡ ብረት የሌለው ፋይበር ከሆነ መብረቅ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከሕንፃ ሕንፃ በፋይበር፣ በሕንፃው ውስጥ በመዳብ፤ አማካሪ ብሆን መጀመሪያ የምጽፈው ይህን ነው።

ሰዎች በስስ ብረት ስለተጠቀለለው ጋሻ ለበስ ገመድም ይጠይቃሉ። ጥሩ ኧርዝ ባለበት፣ ትላልቅ ሞተሮች አጠገብ ይጠቅማል። ኧርዝ በሌለበት ቤት ግን ጋሻው ሁካታን ወደ መሬት የሚያወርድበት መንገድ ስለሌለው፣ ተራው ገመድ ይሻላል።

የቀረው እጅ ላይ ነው። ጥሩ ገመድ በመጥፎ አሠራር ይበላሻል። ኮኔክተር ሲታሰር ጥንዱ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለበትም፤ ግምዱ በተፈታ መጠን ሁካታው ይመለሳል። አንዱን ገመድ ለሁለት ኮምፒውተር ከፍሎ አራት አራት ሽቦ ማሠርም የተለመደ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ኮምፒውተር 100 ሜጋ ቢት ላይ ይቆማል፣ ካት 6ቱም በከንቱ ተገዛ። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡት፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት።

ግንበኛው ከመለሰኑ በፊት ደግሞ ገመዱን እንዲሁ ግድግዳው ውስጥ አትቅበሩት፤ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ይግባለት። በቱቦው ውስጥም ከገመዱ ጎን አንድ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትታችሁ ሁለቱን ጫፎቹን እሰሩ፤ ከዓመታት በኋላ አዲስ ገመድ ወይም ፋይበር የሚያስገባው ሰው በእሱ ይስባል።