ከቀጠሮው የቀረውን ማን ይጠይቃል?



በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዘነበወርቅ ያለውን አለርት ሆስፒታል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። የሥጋ ደዌ ሥራ ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል፤ ሰው የሚሸሸውን ሕመም ለማዳን መድኃኒት መስጠት ብቻ አይበቃም፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን እስኪጨርስ መከታተል ያስፈልጋል።

የአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ሕመምተኛው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይላክ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ካወጣው መርሐ ግብር ወዲህ ግን በአገራችን የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና ሌሎችንም እንዲያክሙ ይሠለጥናሉ። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በተሞከረበት ጊዜ፣ የሠለጠኑት ሳይቀሩ ብዙ የድብርት ሕመምተኞችን ሳይለዩ ማለፋቸው ታይቷል።

ታዲያ ሕክምናው ለሕዝቡ መድረሱን በምን እናውቃለን? የወረቀት መዝገብ ዛሬ የመጣውን ይጽፋል፤ የቀረውን ግን አይጠራም። በኮምፒውተር የሚያዝ የሕክምና መዝገብ ሦስት ነገር ሊያሳየን ይችላል፤ ስንቱ ተጠየቀ? ስንቱ በቀጠሮው ተመለሰ? ስንቱስ ተሻለው?

ምሳሌ እንስጥ። ድብርትን ለመለየት የሚያገለግሉ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያው በጥልቀት ይመረምራል። አንዲት እናት መጀመሪያ 18 የነበረው ነጥቧ በስምንተኛው ሳምንት ወደ 8 ቢወርድ ሕክምናው እየረዳት ነው። 17 ላይ ቢቆም ሕክምናው እንደገና ሊታይ ይገባል። በአራተኛው ሳምንት ብትቀር ደግሞ ስሟ በቀሪዎች ዝርዝር ይወጣል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቷ ሄዳ ትጠይቃታለች። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ መልሱ «አዎን» ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን እርዳታ ያስፈልጋታል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሦስት ነገር አትርሱ። በሪፖርቱ ላይ ዜሮ ስታዩ ሕመም የለም አትበሉ፤ ምናልባት የጠየቀ የለም። መብራት ሲጠፋ የሚጻፍበት ወረቀት ይኑር፤ መብራት ሲመጣ ይገልበጥ። የሕመምተኛው ምስጢርም ይጠበቅ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል ይግባ። ምስጢሯ ሰፈር የወጣባት ሴት ዳግመኛ አትመለስም።

በጉባኤያችንም «ጸሎት ይበቃኛል» ብሎ መድኃኒቱን የተወ ወንድም ይኖር ይሆናል። እንጸልይለት፤ በቀጠሮውም ቀን አብረነው እንሂድ። ኮምፒውተሩ የቀረውን ሰው ስም ያወጣል እንጂ በሩን አያንኳኳም።