የከሰል ጣቢያ ሲዘጋ፤ የኮማቲ ተሞክሮ በደቡብ አፍሪቃ

አንድ አገር ከድንጋይ ከሰል ወደ ታዳሽ ኃይል የሚያደርገው ሽግግር ብዙውን ጊዜ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁንና በደቡብ አፍሪቃ እንደታየው፣ ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው የሥልጠና ዕቅድ አውጪዎችን ነው።

ደቡብ አፍሪቃ ከምታመነጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ከአምስት እጅ አራቱን ያህል የምታገኘው ከድንጋይ ከሰል ሲሆን፣ አብዛኞቹ የማመንጫ ጣቢያዎች የሚገኙት በምሥራቅ፣ በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮማቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ የጀመረና 1,000 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ነው። ኤስኮም የተባለው የመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት የጣቢያውን የመጨረሻ ክፍል ኦክቶበር 31 ቀን 2022 ዘጋ። ጣቢያውን ለመለወጥና ሠራተኛውን ለመደገፍ የዓለም ባንክ 497 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መጀመሪያ እሳቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ተፈቀደ።

ቋሚ ሠራተኞች ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ተዛወሩ። ጉዳቱ የወደቀው በኮንትራት ሠራተኞችና በጣቢያው ዙሪያ በሚተዳደሩ አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ ነው።

ሙያዎቹ ሁሉ እኩል እንደማይሻገሩ መገንዘብ ያሻል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና በያጁ በአጭር ሥልጠና ወደ ፀሐይ ኃይል ሥራ ሊገቡ ይችላሉ፤ ትራንስፎርመሩም ሆነ ሽቦው ያው ነውና። የቦይለር ተቆጣጣሪው ግን በፀሐይ ማመንጫ ውስጥ ተመጣጣኝ ቦታ የለውም፤ በዚያ የሚፈላ ውኃ፣ የሚሽከረከር ቱርቢንም የለም። ከዚህም በላይ የፀሐይ ማመንጫ በሚገነባበት ወቅት ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ከተተከለ በኋላ የሚያስፈልገው ጥቂት ጠባቂና ጠጋኝ ነው።

በኮማቲ የታቀደው 150 ሜጋዋት የፀሐይ፣ 70 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫና 150 ሜጋዋት ባትሪ ነበር። የሒሳብ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ ይጠቅማል፦ ፀሐይ ማታ ስለማትወጣ፣ ደህና ቦታ የተተከለ ማመንጫ በዓመት ውስጥ በአማካይ የሚሰጠው ከአቅሙ ሩቡን ያህል ነው ብንል፣ 150 ሜጋዋቱ ወደ 37 ዝቅ ይላል።

ታዲያ ማመንጫውን ከዚያ ይልቅ ፀሐይ በሚበረታበት በሰሜን ኬፕ ለምን አይተክሉትም? እዚያ ብዙዎች ተክለዋል፤ ነገር ግን የማስተላለፊያ መስመሩ አዲስ ኃይል የሚቀበልበት አቅም ተጣቧል። በምፑማላንጋ ግን ለከሰሉ የተዘረጋው መስመር ዝግጁ ነው፤ ሥራ የሚፈልገውም ሕዝብ ያለው እዚያው ነው። በእኔ ግምት ይህ ክርክር ከፀሐዩ ብርታት ይመዝናል።

ካምደን፣ ግሩትቭሌይና ሄንድሪና የተባሉት አሮጌ ጣቢያዎች የመብራት እጥረት እንዳይባባስ እስከ 2030 እንዲቆዩ በ2024 ተወስኗል። ይህ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ከሥራው ሳይነሣ አዲስ ሙያ ተምሮ እንዲጨርስ የሚበቃ፣ የኮማቲ ሠራተኞች ያላገኙት ጊዜ ነው።