አለቃ ገብረ ሐና፦ ፎገራ ያፈራችው የአቋቋም ሊቅ

አለቃ ገብረ ሐና በሕዝብ ዘንድ ይበልጡን የሚታወቁት በጨዋታ አዋቂነታቸው ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያበረከቱት ትልቁ ሥራ የሚገኘው የተክሌ አቋቋም በሚባለው የማሕሌት ስልት ውስጥ ነው። ሊቁ በ1814 ዓ.ም. ገደማ እንደተወለዱ የሚነገርላት ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና በሚወርዱት በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ዛሬ ወረታ ማእከሏ በሆነችው ወረዳ ውስጥ ትገኛለች።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ቅዳሴ የቀሳውስትና የዲያቆናት ድርሻ ሲሆን፣ በቅኔ ማሕሌት ማለትም በቤተ መቅደሱ የውጭኛው ክፍል የሚካሄደው የዜማ አገልግሎት በመሪጌቶችና በደብተራዎች ይመራል። ለዚህ አገልግሎት የሚበቃው ሰው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጡትን ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ሦስት የዜማ ስልቶች ጠንቅቆ፣ የዓመቱን በዓላት መዝሙር የያዘውን ድጓ ለዓመታት ያጠናል፤ የድጓው ምስክር ቤት ማለትም የማስመስከሪያው ጉባኤ የሚገኘውም ፎገራ ባለችበት በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ቤተልሔም ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ዜማው በቃል ብቻ እንዳይቀር ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት እንደሠሩ ይታወቃል።

አቋቋም ድጓን ተከትሎ የሚመጣ፣ ዜማው በአካል እንቅስቃሴ የሚቀርብበት ትምህርት ነው። በበዓል ሌሊት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆሙና አንዱን መዝሙር መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ያደርሱታል፤ ቀጥሎ መቋሚያቸውን እያዘነበሉ ይዘምሙታል፤ ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ገብቶበት በመረግድ ረጋ ብሎ ይጀመርና ምቱ እየፈጠነ ሄዶ በጽፋት ጭብጨባ ይታጀባል።

አለቃ ገብረ ሐና አዲስ ነገር ያመጡት በዚሁ ዝማሜ ላይ ነው። በጎንደር በኣታ ያገለገሉትና በፍትሐ ነገሥት መምህርነታቸውም የተመሰገኑት ሊቅ፣ የጣናን ሞገድና በዳርቻው በነፋስ የሚወዛወዘውን ተክል አስተውለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይል የነበረውን እንቅስቃሴ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዘነበል እንዳደረጉት ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት ግን የአባቶችን ሥርዐት ጠባቂዎች ነበሩና ስልቱን ሳይቀበሉት ቀሩ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ለተማሪዎች ስላስፋፋው ስልቱ በእርሱ ስም ሊጠራ በቃ።

አለቃ ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በሊቅነታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ለማረጋገጥ አስቸጋሪ ናቸው፤ የተክሌ አቋቋም ግን ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ እስከ ዛሬ በየደብሩ ይቆማል። ስለዚህ የፎገራ ልጆች አለቃን ሲያስታውሱ ከቀልዱ አስቀድመው ሊያነሡት የሚገባው፣ የያሬድን ዜማ አንዲት ቃል ሳይለውጡ አዲስ እንቅስቃሴ የሰጡትን የማሕሌት መምህር ነው።